ኤዲፐስን የጎዳው ዕጣው ነው ወይስ ማወቁ?

ሰላም ጎበዞች፣ የግሪክ ትራጄዲ የምታውቁ እስቲ ገላግሉኝ። ስለ ሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ጽሑፍ ማቅረብ አለብኝ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ተቸክያለሁ። አባቱን የገደለውም እናቱን ያገባውም እኮ ትያትሩ ሳይጀመር በፊት ነው፤ ይህን ያደርጋል የተባለው ትንቢት ድሮ ደርሷል! መድረክ ላይ የምናየው ሰውዬው እውነቱን ሲያሳድድ ነው። እናቱም ሚስቱም የሆነችው ዮካስታ ቀድማ ገብቷት በአማልክት ስም ተው ብትለው አሻፈረኝ ይላል፣ የልደቱን ምስጢር የሚያውቀውን ሽማግሌ እረኛ ክንዱን አስጠምዝዞ ያናዝዘዋል፣ በመጨረሻም ከእሷ ልብስ በነቀለው የወርቅ መርፌ ዓይኖቹን ያጠፋል። ይሄ ምኑ ነው ዕጣ? ራሱም መከራዬን ያመጣው አምላኩ አፖሎ ነው፣ የመታኝ እጅ ግን የራሴ ነው ይላል። በሌላው የሶፎክልስ ትያትር በ«ኤዲፐስ በኮሎኖስ» ላይ ደግሞ ሳላውቅ ነው ያደረግኩት ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ሁለቱን እንዴት ላስታርቃቸው? ወይስ ሁለት የተለያዩ ትያትሮች ናቸው ብዬ ልለፈው? መምህሩ እንዲህ ያለ ሽወዳ የሚያልፍ አይመስለኝም።