የካቶሊክ ባለሙያዎች ማኅበር በሰሜን ሸዋ፦ በማን ስም ይናገር?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የዛሬው መከራከሪያ ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ የካቶሊክ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የሕግ ሰዎች ማኅበር ሊያቋቁሙ አስበዋል። አርአያ ያደረጉት ፓክስ ሮማና የተባለውን ዓለም አቀፍ የምእመናን እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው እ.ኤ.አ. በ1921 በስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ በካቶሊክ ተማሪዎች ተጀመረ፤ በ1947 ደግሞ የተመረቁት ባለሙያዎችና ምሁራን የራሳቸውን ክንፍ አወጡ። እዚህ የመጀመሪያ ሥራ እንዲሆን የታሰበው በበሬሳ ወንዝ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች የሚጠቀሙበትን ውኃ መመርመር ነው። ጥያቄው፦ ማኅበሩ በቁምስናው ሥር ይሁን ወይስ በሲቪል ማኅበረሰብ ሕግ ራሱን ችሎ ይመዝገብ? «ካቶሊክ» የሚለውስ ስሙ ላይ ይግባ? ረቂቅ ደንቡን ሁላችሁም አይታችሁታል።

የሕግ ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)፦
ራሱን ችሎ ይመዝገብ ባይ ነኝ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለማቋቋም የሚጠይቀው አምስት አባላትና የበላይ ወሳኝ የሆነ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። የሃይማኖት ተቋማትን አዋጁ አይመለከታቸውም፤ የሃይማኖት ተቋም ለበጎ አድራጎት ሥራ ያቋቋመው ድርጅት ግን በአዋጁ ይገዛል። ስለዚህ መሀል ላይ መንጠልጠል አይቻልም። በቁምስናው ሥር ከሆነ ማኅበሩ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። ከላቦራቶሪ ጋር ውል ሲፈርም ፈራሚዋ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በውጤቱ የተከፋ ፋብሪካ ክስ ቢመሠርትም ተከሳሿ ቤተ ክርስቲያን ናት። ገበሬውን ልንረዳ ተነሥተን ቆሞሱን ፍርድ ቤት ማቆም አግባብ አይደለም።

ሌላም ስሕተት አለ። የረቂቁ አንቀጽ 2 እ.ኤ.አ. የ1983ቱን ሕገ ቀኖና ከቁጥር 298 ጀምሮ ይጠቅሳል። ይህ የላቲን ሥርዓት ሕግ ነው፤ እንደ ሐዋሳና መቂ ላሉት ሐዋርያዊ ቪካሪያቶች (ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ላልሆኑ የቤተ ክርስቲያን ግዛቶች) ይሠራል። እኛ ያለነው በግዕዝ ሥርዓት ውስጥ ነው። ለእኛ የሚሠራው በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ሲሆን ስለ ምእመናን ማኅበራት የሚናገረው ከቁጥር 573 እስከ 583 ነው። ከደቡብ የመጣ ደንብ ተገልብጦ ይመስለኛል። እንዲህ ሆኖ ለሀገረ ስብከት ቢቀርብ ከመጀመሪያው ገጽ ይመለሳል።

የቁምስና ምክር ቤት አባል (ደብረ ብርሃን)፦
እህቴ፣ የቀኖናውን እርማት ተቀብያለሁ፣ ዛሬውኑ ይስተካከል። በዋናው ነገር ግን አልስማማም። ራሱን ችሎ የተመዘገበ ማኅበር ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጸሎቱ ይቀራል፣ ጥናቱ ይቀራል፣ የፕሮጀክት ሪፖርት ብቻ ይተርፋል። ፓክስ ሮማና መቶ ዓመት የዘለቀው ገንዘብ ስለነበረው አይደለም፤ አባላቱ እምነታቸውንና ሙያቸውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስላስቀመጡ ነው። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ምእመናን ሐዋርያነት ባወጣው ድንጋጌ (ኅዳር 18 ቀን 1965 እ.ኤ.አ.) በቁጥር 24 ላይ ማንኛውም ሥራ ያለ ሕጋዊው የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ፈቃድ የካቶሊክነትን ስም መያዝ እንደማይችል ይናገራል። እንግዲህ ስሙን ከፈለግን ወደ ጳጳሱ መሄዳችን አይቀርም። መሄዳችን ካልቀረ ከመነሻው በቁምስናው ጥላ ሥር ብንሆን ምን ይጎድልብናል?

የሕግ ባለሙያ፦
ያው ድንጋጌ ቁጥር 19 ላይ ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ጋር ያላቸውን ግንኙነት ጠብቀው ማኅበር የማቋቋምና የመምራት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ፈቃድ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፣ ሥር መሆን ሌላ። የምሥራቁ ቀኖናም ቢሆን ባለሥልጣን ያቋቋመውን ማኅበርና ምእመናን በራሳቸው ያቋቋሙትን ለይቶ ያያል።

የታሪክ መምህር (አንኮበር)፦
እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አወያዩ ጋብዞኝ ነው፤ በሐሳቡም ደስ ብሎኛል። ስለ ስሙ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ሸዋ የካቶሊክን ሚሲዮን የምታውቀው ከአቡነ መሲያስ፣ ማለትም ከጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ከጉልዬልሞ ማሳያ ዘመን ነው። ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ምኒልክ መጥተው ልቼ ላይ ተቀመጡ፤ ከደብረ ብርሃን ቅርብ ነው። ለሕዝቡ የፈንጣጣ ክትባት ሰጡ፣ ንጉሡን መከሩ፣ ከአውሮፓ ጋር በሚደረገው ግንኙነት ገቡበት፣ ከዚያው ጋር ሰበኩ። በ1878 የሃይማኖት ክርክር የተዳኘበት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተካሄደ፤ በማግሥቱ ዓመት በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሸዋ ወጡ። ክትባቱ ተረሳ፣ ጥርጣሬው ቀረ። የተረሳበትም ምክንያት ሐኪምነቱ፣ ስብከቱና ዲፕሎማሲው በአንድ ሰው እጅ ስለነበሩ ነው፤ ሕዝቡ የቱን ለምን እንደሚሠሩ መለየት አልቻለም። ዛሬም «ካቶሊክ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁ ወንዝ ዳር ስትወርዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሃይማኖት ልታስለውጡን ነው ወይ?» ነው የሚሆነው። ስለ ውኃው የሚጠይቃችሁ ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን ተዉት።

የውኃ መሐንዲስ (ሸዋ ሮቢት)፦
መምህር፣ ምክርዎን አከብራለሁ፤ መደምደሚያው ግን ተቃራኒ ይመስለኛል። ስሙን ትተን ገብተን በኋላ አባላቱ ሁሉ ካቶሊክ መሆናቸው ቢታወቅስ? ያኔ ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የሚሻለው ማንነታችንን በግልጽ ጽፎ፣ ሥራውን ማንም ሊፈትሸው በሚችል መንገድ መሥራት ነው። ስለ ሥራው ልዘርዝር፣ ክርክሩ ያለ እሱ አየር ላይ ነው ያለው።

የካቶሊክ እንቅስቃሴዎች የሚከተሉት «ማየት፣ መመዘን፣ ማድረግ» የሚባል መንገድ አለ። ከቤልጂጉ ካህን ከካርዳይን የመጣ ነው፤ በ1961 እ.ኤ.አ. በጳጳሳዊ መልእክት ውስጥም ገብቷል። ብዙ ቡድን የሚወድቀው «ማየት» ላይ ነው፤ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ዞሮ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ አየሁ ይላል። በሬሳን ለማየት ቢያንስ ሦስት ነጥብ ያስፈልጋል፦ ከከተማው በላይ፣ ፍሳሹ ገብቶ ከውኃው ጋር ሙሉ በሙሉ ከተቀላቀለበት በታች፣ እና ገበሬው ውኃውን በሚጠልፍበት ቦታ። የላይኛው ነጥብ ከሌለ የታችኛው ውጤት ምንም አያስረዳም፤ ብክለቱ ከየት እንደመጣ ማንም ሊከራከር ይችላል። ወቅቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ ይሁን። በክረምት ጎርፉ ያቀጥነውና ቁጥሩ መልካም ይመስላል፤ ገበሬው ግን መስኖ የሚጠቀመው በበጋ ነው።

አወሳሰዱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሟሟ ኦክስጅንና የሙቀት መጠን እዚያው ወንዙ ላይ ይለካሉ። ለባዮኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎት (ባክቴሪያዎች በውኃው ያለውን ቆሻሻ ሲያፈርሱ ለሚፈጁት ኦክስጅን) የሚወሰደው ጠርሙስ አየር ሳይቀርበት እስከ አፉ ይሞላል፤ ምርመራው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ቀን ይፈጃል። ለባክቴሪያ የሚወሰደው ግን ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ሆኖ ለመነቅነቂያ ክፍተት ይተውለታል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ጠርሙስ የሞላ ሰው ከሁለቱ አንዱን አበላሽቷል። ቀጂው ፊቱን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙሮ ይቁም፤ አለበለዚያ በእግሩ ያደፈረሰውን ይቀዳል። ከዚያ በበረዶ ሣጥን፣ በጨለማ፣ ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። የባክቴሪያው ምርመራ በ6 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። አዲስ አበባ ላለ ላቦራቶሪ ከሆነ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፤ ስለዚህ ናሙናው በጠዋት ካልተቀዳ የሥራ ሰዓት ሳያልፍ አይደርስም። ዓርብ መቅዳትማ ጭራሽ አይታሰብም።

እያንዳንዱ ጠርሙስ መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የቀጂውና የተረካቢው ፊርማ ይኑረው። ቀጂዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ካቶሊክ ያልሆነ የአካባቢው ሰው ቢሆን እመርጣለሁ። መምህር የሚፈሩትን ነገር የሚመልሰው ይህ ነው።

የታሪክ መምህር፦
ይህ አሳምኖኛል ልበል፣ በከፊል። የአካባቢው ሰው እጁ ከገባበት ነገሩ ይለወጣል። ስሙ ላይ ያለኝ ስጋት ግን አልወጣልኝም።

የሒሳብ ባለሙያ (ደብረ ብርሃን)፦
የገንዘቡን ነገር ማንም አላነሣም። ረቂቁ መዋጮው በቁምስናው የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ ይላል። ይህ እንዲቀር እለምናለሁ። የአባላት መዋጮ ከመባና ከስጦታ ጋር ከተቀላቀለ በዓመቱ መጨረሻ ለይቶ የሚያወጣው ኦዲተር የለም። ቆሞሱ ወደ ሌላ ቁምስና ሲዛወሩም ፊርማ እስኪቀየር ሥራው ይቆማል። የተለየ ሒሳብ ይከፈት፤ ሦስት ፈራሚ ተመዝግቦ ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ፤ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መዝጋቢው አንድ ሰው አይሁኑ። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን፤ የተበላሸውም አይቀደድ፣ ተሰርዞ ጥራዙ ውስጥ ይቆይ።

ቁጥሩን እንየው። 22 ባለሙያ በወር 150 ብር ቢያዋጣ በዓመት 39,600 ብር ነው። አዋጁ የሦስተኛ ወገንን ጥቅም ለማገልገል የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ያዛል። ይህ 7,920 ብር ነው፣ የቢሮ ኪራይ ሊሸፍን አይችልም። ስለዚህ ራሳችንን ችለን ብንመዘገብም መሰብሰቢያው የቁምስናው አዳራሽ ቢሆን፣ በደብዳቤ ተፈቅዶ፣ ጥሩ ነው። በዚህ በኩል የምክር ቤቱ ወንድማችን ልክ ነው፦ ያለ ቁምስናው መቆም አንችልም።

ምልዓተ ጉባኤውም ላይ ችግር አለ። ረቂቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሙሉ አባል አድርጎ «ከአባላት ከግማሽ በላይ ሲገኙ» ይላል። 40 አባል ቢኖርና 18ቱ ተማሪ ቢሆኑ የሚፈለገው 21 ነው። ክረምት ላይ ተማሪው አገሩ ይገባል፤ ከቀሩት 22 ሁለቱ ካልመጡ ጉባኤው አይካሄድም። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ምንም ውሳኔ የለም ማለት ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
ፓክስ ሮማናም በ1947 ተማሪውንና ምሩቁን በሁለት ክንፍ ያደራጀው ያለ ነገር አይደለም። ተማሪ በአራትና በአምስት ዓመት ይሄዳል፤ ባለሙያ ሃያ ዓመት ይቆያል። አንድ ደንብ ለሁለቱም አይበቃም። ተማሪዎቹ የራሳቸው ክፍል ኖሯቸው በጠቅላላ ጉባኤው በሁለት ተወካይ ድምፅ ይስጡ።

የቁምስና ምክር ቤት አባል፦
እስማማለሁ። ግን ወደ ዋናው ልመልሳችሁ። ውጤቱ ወጣ እንበል፣ ውኃው ለሰላጣና ለካሮት አይሆንም አለ። መግለጫውን ማን ያወጣል? ቤተ ክርስቲያን ዝም ብላ ምእመናኑ ብቻ ከተናገሩ፣ ገበሬው የሚያዳምጠው አለ ወይ? የጳጳስ ቃል ክብደት አለው። ያንን ክብደት በገዛ እጃችን እየጣልነው ነው።

የሕግ ባለሙያ፦
ጋሼ፣ ልዩነታችን ያለው በትክክል እዚህ ላይ ነው። ጉባኤው «ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም» ባለው ሰነድ (ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 እ.ኤ.አ.) በቁጥር 76 ክርስቲያኖች እንደ ዜጋ በራሳቸው ስም የሚሠሩትንና ከእረኞቻቸው ጋር በቤተ ክርስቲያን ስም የሚሠሩትን እንድንለይ ያዘናል። ቁጥር 43 ደግሞ እረኞች ለሚነሣው ችግር ሁሉ መልስ ያላቸው ሊቃውንት እንደሆኑ አታስቡ፣ የቤተ ክርስቲያንንም ሥልጣን ማንም ለራሱ አስተያየት ብቻ አያድርገው ይላል። የካሮት ውኃ የእምነት አንቀጽ አይደለም። ላቦራቶሪው ተሳስቶ ቢገኝ የሚታረመው የመሐንዲሱ ፊርማ ነው፤ የጳጳሱ ቃል ከዚያ ጋር ከወደቀ ለማንሣት ትውልድ ይፈጃል።

ፓክስ ሮማና ራሱ ምን አደረገ? ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት የአማካሪነት ደረጃ አለው። ቅድስት መንበርም (የሮማው ጳጳስ መንበር) ከ1964 ጀምሮ በዚያው ድርጅት ቋሚ ታዛቢ አላት። ምእመናኑ በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ፣ ቅድስት መንበር በራሷ። ይህም ከቤተ ክርስቲያን አላራቃቸውም፤ ከእንቅስቃሴው መሪዎች አንዱ የነበሩት ካታሎናዊው ራሞን ሱግራንየስ ደ ፍራንክ በ1963 የቫቲካኑ ጉባኤ ላይ ምእመን አድማጭ ሆነው ተቀምጠዋል። ሰው ሐሳቡን በራሱ ስም ስለተናገረ ከቤቱ አይወጣም።

የቁምስና ምክር ቤት አባል፦
ጥሩ ብለሻል፤ ስለ ቁጥር 76 አልከራከርም። ግን አንድ ዋስትና እፈልጋለሁ። በስማችን ውስጥ «ካቶሊክ» ካለ፣ አንባቢው ፊርማውን አይለይም፤ ርዕሱን ነው የሚያየው። ስለዚህ ወይ ስሙ ይቅር፣ ወይ መግለጫ ከመውጣቱ በፊት ጳጳሱ ይዩት።

የውኃ መሐንዲስ፦
«ይዩት» ስንል ያጽድቁት ማለት ከሆነ ሳይንሱን በእሳቸው ላይ ጫንነው። ይወቁት ማለት ከሆነ እሺ። ሰባት ቀን አስቀድሞ ግልባጩ ይላክላቸው፤ በቁጥሩ ላይ ግን ማንም አይግባ።

የታሪክ መምህር፦
ለእኔ መሀል መንገድ ይታየኛል። የተመዘገበው ስም «የሰሜን ሸዋ ባለሙያዎች ማኅበር» ይሁን፣ የደንቡ መግቢያ ደግሞ ማኅበሩ በካቶሊክ ምእመናን መመሥረቱንና ሃይማኖት እንደማይሰብክ በግልጽ ይጻፍ። የተደበቀ ነገር የለም፤ ማኅተሙም ሰው አያስደነግጥም። በሥራ ቡድኖቹ ውስጥ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በሙያው ይግባ።

የሕግ ባለሙያ፦
የምእመናን ሐዋርያነት ድንጋጌ ቁጥር 27 ከሌሎች ክርስቲያኖችና ከሌላ እምነት ሰዎች ጋር አብሮ መሥራትን ያበረታታል፤ በምሥራቁ ሕገ ቀኖናም በኩል ስሙ ውስጥ «ካቶሊክ» ከሌለ ያው ቀኖና በቁጥር 19 ለዚህ ስም የሚጠይቀው ፈቃድ ጥያቄው ይቀልላል። ደንቡን ግን ለሀገረ ስብከት እንዲመረመር ማቅረብ አለብን፤ የግል ማኅበር ደንቡ ካልታየ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እውቅና የለውም። አንቀጽ 9ን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ማኅበሩ በሙያ ጉዳይ የሚያወጣው ማንኛውም መግለጫ ጥናቱን ባካሄዱት ባለሙያዎች ስምና ፊርማ ይወጣል፤ የቤተ ክርስቲያንን አቋም አይወክልም። ግልባጩ ከመውጣቱ 7 ቀን በፊት ለሀገረ ስብከቱ ይላካል።»

የቁምስና ምክር ቤት አባል፦
ከእሱ ቀጥሎ ይህ ይጨመር፤ ካልተጨመረ ድምፄን አልሰጥም፦ «ማኅበሩ በወር አንድ ጊዜ ለጸሎትና ለቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት ጥናት ይሰበሰባል። ሀገረ ስብከቱ የሚመድበው መንፈሳዊ አማካሪ ይገኛል፤ ድምፅ ግን የለውም። በተከታታይ ሦስት ወር ይህ ስብሰባ ካልተካሄደ ሥራ አስፈጻሚው ለጠቅላላ ጉባኤ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳል።»

የሕግ ባለሙያ፦
ይጨመር። «ሦስት ወር» የሚለውን «ሁለት ወር» አድርገው፣ ጋሼ፤ ሦስት ይበዛል።

አወያይ፦
አንቀጽ 9 ከነጭማሪው ለድምፅ ይቀርባል። ስሙን በተመለከተ መምህር ያቀረቡትና «ካቶሊክ» የሚለውን የያዘው፣ ሁለቱም አማራጭ ሆነው ይቀርባሉ። ድምፅ የሚሰጠው 22ቱ ባለሙያ ነው፤ ተማሪዎች አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይላኩ።