የሆሊ ቀለም ከፊቴ አልለቅ አለ፣ ነገ ፕሬዘንቴሽን አለብኝ!

ጠያቂ፦ ሰላም ሀበሾች፣ ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ነኝ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆሊ (ቀለም የሚረጩበት የሂንዱዎች በዓል) ስንጫወት የቀቡኝ አረንጓዴ ከፊቴና ከአንገቴ አልወጣም። በሙቅ ውሃና በኦሞ ሦስቴ ታጥቤያለሁ። ሹሩባዬ ሥርም ገብቷል። ነገ 3 ሰዓት ክፍል ፊት እቆማለሁ። አሴቶን ይሆናል? ቶሎ በሉልኝ!!

ሽሮ ፈሰስ፦ በኛ 3 ሰዓት ነው በነሱ? በነሱ ከሆነ እስከ ከሰዓት ጊዜ አለሽ 😂

አንጋፋው፦ እህቴ፣ ሆሊ የሚውለው በሂንዱ አቆጣጠር በፋልጉን ወር ሙሉ ጨረቃ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በእኛ በ2017 መጋቢት 5፣ በ2018 የካቲት 25 ነበር፣ ሁለቱም ጾም ውስጥ። ቀለሙስ ይታጠባል፤ ጉጂያ በሚሉት የበዓሉ ጣፋጭ ውስጥ ያለው ኮያ ግን ከወተት የተሠራ ነው፣ ታንዳይ የሚሉት መጠጥም ወተት ነው። ባንግ የገባበት ከሆነ ደግሞ ካናቢስ ነው። ሳትጠይቂ አትቅመሺ።

ጠያቂ፦ ስለ ምግብ አልጠየቅኩም 😭

ዘይት በዘይት፦ የኮኮናት ዘይት ተቀቢ።

የፋርማሲ ልጅ፦ አሴቶንም ነጭ ጋዝም በረኪናም ፊት አይነካም። ጉላል የሚሉት ደረቁ የዱቄት ቀለም ቢሆን በአንድ ሁለት እጥበት ይለቅ ነበር። ሦስቴ ታጥቦ ያልለቀቀው «ፓካ ራንግ» የሚሉት በውሃ የሚበጠበጥ የጨርቅ ማቅለሚያ ይመስላል። የሚይዘው የላይኛውን የሞተ ቆዳ ስለሆነ መፈተጉ ያቆስልሻል እንጂ አያስለቅቀውም፤ ኦሞውም ቆዳሽን አድርቆታል። አሁን፦ 2 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ተቀቢና 20 ደቂቃ ተይው፣ በጥጥ ጥረጊ። ጥጡ ንጹህ እስኪወጣ ድገሚ። ከዚያ 2 ማንኪያ በሰን (ያልተቆላ የሽምብራ ዱቄት) በ1 ማንኪያ እርጎ ለውሰሽ 5 ደቂቃ፤ ሳይደርቅ ለብ ባለ ውሃ እጠቢና ቫዝሊን። ካቃጠለሽ አቁሚ።

ሽሮ ፈሰስ፦ ከቤት የተላከልሽን ሽሮ እንዳትለውሺ ብቻ! በርበሬ አለው፣ አረንጓዴው ቀይ ይሆናል።

የፋርማሲ ልጅ፦ ሳቁ፣ ግን እውነቱን ነው። ሎሚም ይቅር፣ በሎሚ ፊት ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል።

ደልሂ፦ ግን ምን አስጨነቀሽ? በሆሊ ማግስት ጆሮው ሮዝ ያልሆነ አስተማሪ አይገኝም። ማንም አያይሽም።

ጠያቂ፦ ፈታኙ ከውጭ ነው የሚመጣው።

ዘይት በዘይት፦ ዘይት ሞክረሻል?

ሹሩባ ቤት፦ ለፀጉሩ ማንም አልመለሰም። ሳትፈቺው ጥጥ ዘይት እየነከርሽ በመስመሮቹ መሃል ሂጂ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይ። ሻምፑ በውሃ አቅጥነሽ ባፈ ጠባብ ጠርሙስ መስመር በመስመር አፍስሺ፣ በጣት ጫፍ ብቻ እሺው፣ በጥፍር አትከኪ። ለወደፊቱ ከጨዋታው በፊት ፊትም ፀጉርም በዘይት ይቀባል፣ ጆሮ ጀርባና ጥፍር ሥር ሳይረሳ። ዱቄቱም ውሃ ሳይነካው መራገፍ አለበት።

ጠያቂ፦ በሰን የት አገኛለሁ? ዘይቱን ተቀብቻለሁ፣ ጥጡ አረንጓዴ ሆነ!

ደልሂ፦ ማንኛውም ኪራና (የሰፈር ሸቀጥ) ሱቅ፣ በዚሁ ስሙ። ቀሪው ጥላ በቀናት ይጠፋል፣ ለነገ ፋውንዴሽን ደርቢበት።

የፋርማሲ ልጅ፦ ፑኔ ከሆንሽ ዘይቱን አትጨርሺው። በእናንተ ግዛት ማሃራሽትራ ውስጥ ከሆሊ በኋላ በአምስተኛው ቀን ራንግ ፓንቻሚ የሚሉት በዓል አለ፣ ቀለሙ እንደገና ይረጫል።