ለገጣፎ ቅርንጫፍ ሕግ ለመማር፦ ዕውቅናው በምን ይጣራል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለቤቱ። እህቴ ለገጣፎ ባለ የአንድ የግል ኮሌጅ ቅርንጫፍ ሕግ ልትመዘገብ ነው። ግድግዳው ላይ የዕውቅና ፈቃድ ተሰቅሏል፤ የተጻፈው አድራሻ ግን አዲስ አበባ ያለው ዋናው ካምፓስ ነው። «ያው አንድ ነው» አሉን። እውነት አንድ ነው?

ሬጅስትራሩ፦
በፍጹም አንድ አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለካምፓሱ፣ ለትምህርት መስኩ፣ ለደረጃውና ለአሰጣጡ ነው። የዋናው ካምፓስ ፈቃድ ለለገጣፎ አይሠራም፤ ለርቀት የተሰጠውም ክፍል ገብቶ ለሚማር አይሆንም። ፈቃዱ የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። «እድሳት ላይ ነን» ካሉ የባለሥልጣኑን ደብዳቤ ጠይቁ፤ ኮሌጁ ራሱ ያስገባው ማመልከቻ ፈቃድ አይደለም። ወረቀቱን ፎቶ አንሡና ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄዳችሁ የካምፓሱን ስም ጠቅሳችሁ አጣሩ። ይህ ሳይሆን ብር አትክፈሉ።

አበበች፦
ጉዱ የሚወጣው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። ሕግ 5 ዓመት ነው። ዕውቅና በሌለው ካምፓስ የተማረ ልጅ ለመውጫ ፈተና ሲመዘገብ ይጣበቃል፤ ፈተናውን በ50 በመቶ ካላለፈ ደግሞ ዲግሪ የለም። ማስረጃው በባለሥልጣኑ ካልተረጋገጠ ቀጣሪም አይቀበለውም። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ የመግቢያ ነጥቡን ማሟላቱንም አሁኑኑ አረጋግጡ፤ ኋላ የሚመረመረው ከዚያ ጀምሮ ነው።

የሕግ መምህር፦
ፈቃዱ ትክክል ቢሆንም እንኳ የሚያሳየው ዝቅተኛውን መስፈርት ማሟላቱን ብቻ ነው። ጥራቱን ለማወቅ ቤተ መጻሕፍቱ ግቡ። የንግድ ሕጉን መደርደሪያ እዩ፦ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ ከሌለ ትምህርቱ አርጅቷል። የ1952ቱ የንግድ ሕግም መኖር አለበት፤ ስለ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ፣ እንደ ቼክ ስላሉ ተላላፊ ሰነዶችና ስለ ባንክ የሚናገሩት 3ኛና 4ኛ መጽሐፎቹ ዛሬም ይሠራሉ። የሰበር ችሎት (መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት) ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾችም ፈልጉ፤ የሰበር ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ኮዱን ብቻ ያነበበ ተማሪ ግማሹን ሕግ አያውቅም። ለገጣፎ ኦሮሚያ ስለሆነች የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ከፌዴራሉ 213/1992 ጎን ቢገኝ ደስ ይላል።

ከዚያ የመምህራኑን ዝርዝር ጠይቁ። ስንቶቹ ቋሚ ናቸው? ሥነ ሥርዓትና ማስረጃ ሕግን የሚያስተምረው ማነው? በትርፍ ሰዓት መምህር ብቻ የሚሄድ ክፍል መምህሩ የፍርድ ቤት ቀጠሮ በበዛበት ሳምንት ይታጠፋል፤ ምዕራፎቹ ሳይሸፈኑ ሴሚስተሩ ያልቃል። ምስለ ችሎት የሚባለውም (ተማሪዎች ክርክር የሚለማመዱበት) ክፍሉ ወንበር ተደርድሮበት መቆለፉን ሳይሆን ባለፈው ሴሚስተር ማን ምን ጉዳይ እንደተከራከረበት ጠይቁ።