ቪትዜን ሰጥቼ ሸራ ጣሪያዋን ፊያት ልውሰድ?

የአዘዞው፦
ሰላም ጎንደሮች። 1000 ሲሲ ቪትዝ አለችኝ፣ አሮጌዋ ሞዴል። አጎቴ ግቢ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የቆመች ፊያት 124 ስፓይደር አለች፤ ቀይ፣ ሁለት በር፣ 1438 ሲሲ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ። ዶሮ ወንበሯ ላይ እንቁላል ትጥላለች። አጎቴ "ቪትዟን ስጠኝና ውሰዳት" ይሉኛል፣ አንድ ለአንድ። በየቀኑ ከአዘዞ ፒያሳ እመላለሳለሁ። ሚስቴ ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ነው ያስፈራኝ። ስፖርት መኪና ስለሆነች ትፈጥናለች አይደል?

ካቻቢቴ፦
ወንድሜ፣ በወረቀት ፊያቷ 90 ፈረስ ጉልበት ገደማ ናት፣ ያንተዋ 70። ግን ጎንደር 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሁለቱም ከጉልበታቸው አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ይጥላሉ። ቪትዝ በሴንሰር ነዳጇን ራሷ ትመጥናለች። የፊያቷ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ግን ከፍታ አያውቅም፤ ካልተስተካከለ ቤንዚኑን ዝም ብሎ ይለቃል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ አንተም ነዳጅ ሰልፍ ላይ ታድራለህ።

ንቀት አይደለም። ሞተሩን የሠራው ላምፕሬዲ ፌራሪ ቤት የነበረ ሰው ነው፣ አካሉ ደግሞ የፒኒንፋሪና፣ የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ቤት። በ1966 እ.ኤ.አ. ስትወጣ አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ፍሬን ነበራት፤ ያንተ ቪትዝ ኋላዋ ታምቡር ነው፣ ሂድና እይ። ግን የሞተሩ ቺንጋ ጎማ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆሟል። ሳትቀይር ቁልፍ እንዳታዞር። ደግሞ የላዳ ዕቃ ይገጥማታል የሚል አይጠፋም። ላዳ ከ124 የተወለደች መሆኗ እውነት ነው፣ ግን ሩሲያዎቹ ሞተሩን ለውጠው ኋላውንም ታምቡር አድርገውታል፣ የምትፈልገውን አታገኝም።

አንድ ነገር አድርግ። ኮፈኑን ክፈትና የፊት አሞርዛተር ከላይ የሚታሰርበትን ላሜራ በካቻቢቴ ውጋው። ከገባ ዝገት በልቶታል፣ ወንበሩን ለዶሮዋ ተውላት።

የልጆች እናት፦
ኧረ ተው! ባለፈው ፋሲካ በቪትዜ ሁለት በግና አማቴን ጭኜ ከአዘዞ ገብቻለሁ፣ በጎቹ ከኋላ፣ እሳቸው ከፊት፣ መንገዱን ሙሉ ማን ይበልጥ እንደጮኸ አልናገርም። የፊያቷ የኋላ ወንበር ለቦርሳ ነው። ኤርባግ የላትም። ሐምሌ ላይ ያ ሸራ ሲያፈስስ? ሚስትህ ዝም ያለችው ስላሰበችበት ነው።

ፒያሳ ሰፈር፦
እኔ ግን ሙሽራ ጭና በፋሲል ግንብ አጥር ሥር ስታልፍ ታየኝ። ለሰርግ ብታከራያት ጥሩ ይከፈልሃል፣ ከነሹፌሩ።
ቅያሬው ላይ ግን ተጠንቀቅ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሏል። አሁን የምትሄድ ቪትዝ ገንዘብ ናት፣ ነገ ጠዋት ትሸጣለች። ስፓይደሯን ማን ይገዛል? አጎትህ ሞኝ አይደሉም። ከወደድካት በብር ግዛት፣ የቆመ መኪና ዋጋ ክፈል፣ ቪትዟን አትንካ።

የአዘዞው፦
ዛሬ ካቻቢቴ ይዤ ሄድኩ። ቀኙ ደህና ነው። ግራው እስከ እጀታው ዋጠው። አጎቴ ቆመው ያዩ ነበር፤ "እሱማ በብየዳ ይስተካከላል" አሉኝና ቡና አስፈሉ። እስክወጣ ድረስ ስለ መኪና አላነሱም። አራት እንቁላል በፌስታል አድርገው ሸኙኝ።