«ዌስት ኤንድ ብሉዝ»፦ ከአርምስትሮንግ ሸክላ ምኑን ልስማ?

ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1928 የተቀረጸውን የሉዊስ አርምስትሮንግን «ዌስት ኤንድ ብሉዝ» ሰሞኑን ደጋግሜ ሰማሁት። እኔ አርምስትሮንግን የማውቀው በስተርጅና በተጫወታቸው፣ ሻካራ ድምፁ ጎልቶ በሚሰማባቸው ዘፈኖች ስለሆነ፣ ይህን ግጥም የሌለውን፣ ዝግ ያለውንና ሸክላው የሚንጫጫውን ሥራ ስሰማ ግር አለኝ። ከጃዝ ታላላቅ ቅጂዎች አንዱ የተባለበትን ምክንያት ለማስተዋል ጆሮዬን ምኑ ላይ ልጣል?

መልስ 1

መግቢያው ላይ ይጣሉ። ለአሥራ ሁለት ሴኮንድ ያህል አርምስትሮንግ በትራምፔቱ ያለ አንዳች አጃቢ ብቻውን ይጫወታል፤ አራት ድምፆችን ረገጥ ረገጥ አድርጎ ይነሣና ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያም እንዳሻው እየፈጠነና እየዘገመ ቁልቁል ይወርዳል። የኒው ኦርሊንስ ባንዶች ልማድ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ እየተጠላለፉ በአንድነት እንዲጫወቱ ነበር፤ እዚህ ግን አንድ ሰው መድረኩን ብቻውን ይይዛል። ዜማው የቀድሞ አለቃው የኪንግ ኦሊቨር ሲሆን፣ ኦሊቨርም በዚያው በሰኔ ወር ቀደም ብሎ አስቀርጾታል። ሁለቱን አከታትለው ቢሰሙ ልዩነቱን ለማየት አስረጂ አያስፈልግዎትም።

መልስ 2

መግቢያውስ የተመሰገነ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ድምፁ ነው። ክላርኔቱ ዝቅ ብሎ ሐረጉን ሲጥል አርምስትሮንግ ቃል በሌለው ዜማ ይመልስለታል፤ ጠያቂው የለመዱት ሻካራነት እዚያ የለም፣ ለስላሳና ጭምት ነው። በመጨረሻው ዙር ደግሞ በትራምፔቱ አንዲት ከፍ ያለች ድምፅ ይዞ አራት ባር (ባር የሙዚቃ ምት የሚቆጠርበት ክፍል ነው) ለሚጠጋ ጊዜ ሳይለቅ ይቆያል። የብሉዝ አንድ ዙር አሥራ ሁለት ባር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የዙሩን ሲሶ ያህል በአንዲት ድምፅ ይዞ፣ ሲለቃት የፈጠኑ ሐረጎችን ያዘንባል። ያለዚያ ትዕግሥት ያ ፍጥነት ይህን ያህል ባላስደነገጠ ነበር።

መልስ 3

ሁሉም ነገር ፍጹም ነው ማለት አያስፈልግም፤ የትሮምቦኑ ዙር ለእኔ ተራ ነው። ነገር ግን ኧርል ሃይንስን ማለፍ በደል ነው፤ ቀኝ እጁ ፒያኖውን እንደ ትራምፔት ያናግረዋል። ከትሮምቦኑ ጀርባ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ድምፅ የሚያሰማው ከበሮ መቺው ዛቲ ሲንግልተን ነው፤ ሸክላው ሲያበቃ የምትሰማው ኮሽታም የእርሱ ናት።