ሮበርት ስሞልስ ምክር ቤት ገብቶ ምን ሠራ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ነው የምሠራው፣ እንግዳ ወደ ዘጌና ክብራን ገብርኤል አመላልሳለሁ። ሰሞኑን አንድ ተሳፋሪ ስለ ሮበርት ስሞልስ አጫወተኝ። በባርነት የተወለደ አሜሪካዊ ነው፤ በ1862 (በፈረንጆቹ)፣ ባርነትን የያዙት የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ከሰሜኖቹ ጋር ሲዋጉ፣ የደቡቦቹን የጦር ዕቃ ጫኝ መርከብ ይዞ ከቻርለስተን ወደብ እብስ አለ። ኋላም የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆነ አሉ። እዚያ ገብቶ የረባ ነገር ሠርቷል ወይስ ለስሙ ነው የተቀመጠው?

መምህሩ፦
ኧረ ለስሙስ አልነበረም። በ1868 የሳውዝ ካሮላይና ሕገ መንግሥት ቻርለስተን ላይ ሲረቀቅ ከተወካዮቹ አንዱ እሱ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ይሁን፣ ልጅ ሁሉ የግድ ይማር ብሎ ተሟገተ። ልብ በል፣ እዚያ አገር ባሪያን ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበርና ስሞልስ ራሱ ማንበብ የቻለው ካመለጠ በኋላ ነው! በዚያው ዓመት የግዛቱ ተወካዮች ምክር ቤት ገባ፣ በ1870 የግዛቱ ሴኔት፣ በ1875 ደግሞ ዋሽንግተን ኮንግረስ። እነሱ ያንን ሲያረቁ እኛ ጋ ናፒየር ወደ መቅደላ እየገሰገሰ ነበር።

የዘጌ ልጅ፦
መርከቧንም እንዲህ በዋዛ አትለፏት እንጂ! ካፒቴኑና መኮንኖቹ ወርደው ከተማ አድረዋል። እሱ የካፒቴኑን ባርኔጣ ደፍቶ፣ በጨለማ ተነሥቶ፣ መንገድ ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ፣ ፎርት ሰምተር ከሚባለው የደቡቦቹ ምሽግ መድፍ ሥር ሲደርስ የተለመደውን የፊሽካ ምልክት ነፋ። አሳለፉት! የሰሜኖቹ መርከብ ጋ ሲቃረብ ነጭ አንሶላ ሰቀለ። እኔ በጠራራ ፀሐይ እምቦጭ ሞተሬ ላይ ሲጠመጠም እንኳ ላብ በላብ ነው የምሆነው።

አቦል፦
በሙስና ተፈርዶበት የለም እንዴ?

መምህሩ፦
አዎ፣ ሴኔት እያለ 5,000 ዶላር ጉቦ በልቷል ተብሎ በ1877 ተፈረደበት፣ በ1879 ምሕረት ተደረገለት። ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን የድሮዎቹ ጌቶች ሥልጣን የያዙበት ሰሞን ስለነበር ፍርዱን በጥርጣሬ ነው የማየው። እኔን የሚገርመኝ የ1895ቱ ነው። ጥቁሮችን ከምርጫ ለማስወጣት አዲስ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ ጉባኤው ላይ ቆሞ ተከራከረ፣ ሲያልቅም አልፈርምም አለ።

ጣና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። መጨረሻው የት ሆነ?

መምህሩ፦
ቢዩፈርት፣ የትውልድ ከተማው። እናቱ በባርነት ታገለግልበት የነበረውን የጌታውን ቤት ገዝቶ ኖረበት። በ1915 የሞተውም እዚያው ቤት ነው።