የነፃ ሥነ ፈለክ ሶፍትዌር ባለሙያን ደመወዝ ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦
የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የተለዋዋጭ ኮከቦችን ብርሃን የምለካው አስትሮፓይ በተባለው ነፃ የሥነ ፈለክ ሶፍትዌር ሲሆን፣ አዲሱን እትም ስጭን የቆየው ፕሮግራሜ በፊትስ ፋይሎቼ (የቴሌስኮፕ ምስል በሚቀመጥባቸው ፋይሎች) ላይ የተመዘገበውን ሰዓት ማንበብ አቆመ። ይህን መሣሪያ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ ለሚጠብቅ ባለሙያ የሚከፍለው ማን ነው?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ለረጅም ጊዜ ማንም አልነበረም ማለት ይቻላል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ኮዱን የጻፉት በአብዛኛው ከምርምራቸው ጎን ለጎን በትርፍ ጊዜያቸው የሚያግዙ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች ነበሩ፤ ሙር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ የመጣው ዘግይቶ ነው። ለጋሾች የሚወዱት አዲስ ነገር ነው፤ የቆየ ኮድ መጠገንና መመሪያ ማደስ ግን የሚታተም ጽሑፍ ስለማያስገኝ፣ ጥገናውን የያዘው ወጣት ሥራ ፍለጋ ሲወጣ የሚያሳየው ነገር ያጣል።

መልስ 2፦
እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ለመስታወቱ ጥገና በጀት መያዝ ግድ እንደሆነ ሁሉ፣ ምስሉን ወደ ቁጥር ለሚለውጠው ሶፍትዌርም ቢያንስ የአንድ ሰው ግማሽ ደመወዝ በምርምር ማመልከቻው ላይ መጻፍ አለበት እላለሁ።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ጥፋቱ ለካ የእኔ ነበር፤ የተጠቀምኩበት ትእዛዝ እንደሚቀር ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ይነግረኝ ነበር፣ እኔ ግን ሳላነበው አልፌዋለሁ።